ዝናብ የሚያስገባ አሮጌ መኪና፦ ቀዳዳውን ለማግኘት የቱ መንገድ፣ ለመድፈን የቱ ቁስ ይሻላል?

አንድ የሐምሌ ጠዋት ነበር። ባለቤቴ ጋቢና ገብታ እግሯን ስታሳርፍ «ኧረ ጫማዬ በሰበሰ!» አለች። ሌሊቱን ሲዘንብ ነበር ያደረው። መስኮቶቹ ተዘግተዋል፣ በሮቹም እንደተቆለፉ ናቸው። ውሃው ግን ከምንጣፉ በላይ ቆሟል። ኮሮላችን ከ25 ዓመት በላይ ሆኗታል።

የመጀመሪያው ጋራዥ ለምርመራ አምስት ደቂቃ እንኳን አላጠፋም። «የፊት መስታወቱ ነው» ተባልኩ። ዙሪያውን ሲልኮን ተቀባ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። በሦስተኛው ቀን ሲዘንብ ውሃው ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው ጋራዥ የበር ጎማ አስቀየረኝ። አሁንም ያው። በመጨረሻ ሰፈራችን ውስጥ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ባትላሜራ ኮፈኑን አስከፈቱኝ። ከመስታወቱ ስር፣ የዝናብ መጥረጊያዎቹ ከሚቀመጡበት ቦይ ውስጥ እጃቸውን ሰደዱ። አንድ ፌስታል ሙሉ የበሰበሰ ቅጠል አወጡ። «ልጄ፣ መኪናህን ዛፍ ስር ነው አይደል የምታቆማት?» አሉኝ። አዎ፣ ዛፍ ስር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠብታ አልገባም።

ሁለት ጊዜ ገንዘቤን ያወጣሁት ቀዳዳውን ሳላገኝ መድፈኛ ስለመረጥኩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመፈለጊያ መንገዶቹን ላነጻጽር፤ መድፈኛው ከዚያ ይመጣል።

ጉዳዩን ቀለል አድርጋችሁ እንዳታዩት አደራ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰማይ ሰቅሎታል። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ብዙዎቻችን ያለችውን አሮጌ መኪና በሌላ መቀየር አንችልም። ምንጣፍ ስር የተኛ ውሃ ደግሞ ወለሉን ከላይ ወደ ታች ይበላዋል። ዝገቱ ከስር ሲታይ ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።

መጀመሪያ፦ ውሃው ምን ውሃ ነው?

መኪና ውስጥ የሚገኝ ውሃ ሁሉ ዝናብ አይደለም። ይህን ለመለየት ነጭ ሶፍት ይበቃል። እርጥቡ ቦታ ላይ ጫን አድርጉና እዩት፣ አሽትቱት።

ሶፍቱ አረንጓዴ ወይም ቀይ ነገር ካሳየ፣ ጣፋጭ ሽታ ካለው፣ ጣት ላይ ደግሞ ቅባት ቅባት ካለ የራዲያተር ኩላንት ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለችው የማሞቂያው ትንሽ ራዲያተር ወይም ቱቦዋ ፈሷል ማለት ነው። ሌላው ምልክት የፊት መስታወቱ ከውስጥ በኩል እየደጋገመ መጋረዱና ሲጠረግ ቅባት መተዉ ነው። ይህ ከሆነ ሌላውን ፍለጋ ተዉትና ቀጥታ መካኒክ ጋ ሂዱ። ኩላንት መርዝ ነው፤ ልጆች አይንኩት። የሞተሩ ውሃ እየጎደለ መሆኑንም አትርሱ።

ውሃው ንጹህ ሆኖ ኤሲ በከፈታችሁበት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የኤሲው መውረጃ ቱቦ ተደፍኗል። ኤሲ ሲሠራ ከአየሩ እርጥበት ያወጣል። ያ ውሃ በትንሽ ቱቦ ወደ ውጭ መንጠብጠብ አለበት። አዳማ ወይም ድሬዳዋ ደርሳችሁ ኤሲ እየሠራ መኪናው ስር ጠብታ ከሌለ ጠርጥሩ። ጥገናው ቱቦውን ከስር ማጽዳት ነው፤ ርካሽ ነው።

ውሃው ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ የሚመጣ ከሆነ ግን ወደ ፍለጋው እንግባ።

አራት የመፈለጊያ መንገዶች

የወረቀት ፈተና ቀላሉ ነው። አንድ ወረቀት በሩ ላይ አድርጋችሁ በሩን ዝጉትና ሳቡት። ጎማው በደንብ ከገጠመ ወረቀቱ እየታገለ ይወጣል። ዝም ብሎ ከተንሸራተተ እዚያ ቦታ ላይ ጎማው አይነካም። በሩን ዙሪያውን በየስንዝሩ እንዲህ ፈትኑት። ጠመኔ የተቀባ ጎማም ተመሳሳይ ነገር ያሳያል፤ በሩን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ጠመኔው ያልታተመበት ቦታ ክፍተት ነው። ጉድለቱ፣ ሁለቱም የሚጠቅሙት ለበርና ለኋላ ኮፈን ብቻ መሆኑ ነው። ስለ መስታወት፣ ስለ ጣሪያ ወይም ስለ ቦይ ምንም አይነግሯችሁም።

የውሃ ጎማ ፈተና ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ውስጥ ገብቶ ባትሪ ያበራል፣ ሌላው ከውጭ ያፈሳል። ምንጣፉን አንሱ፤ ከተቻለ የበሩ ስር ያለውንም ፕላስቲክ ፍቱ። ዋናው ቁም ነገር ከታች ጀምሮ ወደ ላይ መሄዱ ነው። ከጣሪያ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ እያዳረሰ ስለሚወርድ በየት እንደገባ አታውቁም። መጀመሪያ የበሩን ግርጌ፣ ቀጥሎ የበሩን መስኮት ስር፣ ከዚያ የፊት መስታወቱን ታች፣ ጎኑን፣ በመጨረሻም ጣሪያውን። በየቦታው አምስት ደቂቃ ያህል ታገሡ። ውሃው ዝም ብሎ ይፍሰስ፤ ግፊት አያስፈልገውም።

ላቫጆ ወስዶ በፕሬሸር የሚያስመታ ሰው አይቻለሁ። አትሞክሩት። ያ ግፊት ደህናውንም ጎማ አልፎ ውሃ ያስገባል። የሌለ ቀዳዳ ስታሳድዱ ትውላላችሁ።

የሳሙና ፈተና ውሃ በሌለበት ሰፈር ጥሩ ነው። መስኮቶቹን ዝጉ። የመኪናውን ፋን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ አየሩ ግን ከውጭ የሚስብ ይሁን፣ ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረው ሳይሆን። ውስጡ በአየር ይሞላል። ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያዎቹ ላይ በብሩሽ ቀቡ። አረፋ ያፈላው ቦታ አየር ያስወጣል፤ አየር የሚያስወጣ ቦታ ውሃ ሊያስገባ ይችላል። ለመስታወት ዙሪያና ለኋላ መብራት እጅግ ጠቃሚ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ መኪና ሁሉ የታፈነ አየር የሚያስወጣበት መተንፈሻ ከኋላ በኩል አለው፤ ብዙ ጊዜ ከኋላው መከላከያ ጀርባ ነው። እዚያ አረፋ ብታዩ አትደንግጡ።

አራተኛው ምንም ወጪ የለውም፤ አቧራን ማንበብ ነው። በጋ ላይ የኋላ ኮፈኑንና በሮቹን ከፍታችሁ የጎማውን ዙሪያ እዩ። ጎማው የሚያርፍበት ላሜራ ንጹህ መሆን አለበት። የአቧራ መስመር ጎማውን አልፎ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ክረምት ሲመጣ ውሃውም በዚያው ይገባል። ከአዲስ አበባ ወጥቶ በኮረኮንች መንገድ የሚነዳ ሰው ይህን ምልክት በአንድ ጉዞ ያገኘዋል።

ቅደም ተከተሉን ጠይቃችሁኝ ከሆነ፦ በጋ ከሆነ አቧራውን አንብቡ፣ ከዚያ ወረቀቱ፣ ከዚያ የውሃ ጎማው። ሳሙናውን የውሃ ጎማው ላላገኘው ቀዳዳ አቆዩት።

የት ረጠበ፣ ማን ይጠረጠራል?

ውሃ በገባበት አይቆምም። የወለሉን ቅርጽና የቆመበትን መንገድ ተከትሎ ይሄዳል። የአዲስ አበባ መንገድ ደግሞ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ሌሊት አፍንጫዋ ቁልቁል የቆመች መኪና ከኋላ የገባውን ውሃ ከፊት ታሳያችኋለች። ስለዚህ ፍለጋውን ሜዳ ላይ አድርጉት።

የጋቢናው ወይም የሹፌሩ እግር ማሳረፊያ ከረጠበ፣ መጀመሪያ ከፊት መስታወቱ ስር ያለውን ቦይ ተመልከቱ። ዝናብ ከመስታወቱ ወርዶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው። ከቦይው ግራና ቀኝ መውረጃ ቀዳዳ አለው። ቅጠል ሲደፍነው ውሃው ይሞላና ለፋኑ አየር በሚገባበት አፍ ወደ ውስጥ ይፈሳል። መለያው ይኸው ነው፦ ፋኑን ስትከፍቱ የሚንቦጫቦጭ ድምፅ ይሰማል፣ ወይም ፍሬን ስትይዙ ከዳሽቦርዱ ስር ውሃ ይወርዳል። እኔ ድምፁን ሰምቼው ነበር። የሞተር ችግር መስሎኝ ተውኩት።

መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪና ከሆነ ሌላም ቦታ አለ። መሪው ሲዞር ሞተሩንና ውስጡን በሚለየው ላሜራ ላይ ቀዳዳ ይበሳል፣ የድሮውም ይደፈናል። ሥራው በጥንቃቄ ካልተሠራ የድሮው መሪ የነበረበት ቦታ ያስገባል። ከዳሽቦርዱ ስር ተኝታችሁ በባትሪ ብታዩ የዝገት ወይም የውሃ መስመር ታያላችሁ።

በሮች ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ውሃ በር ውስጥ መግባቱ ችግር አይደለም። መስኮቱን ተከትሎ ወደ በሩ ሆድ ይገባል፣ ከግርጌው ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይወጣል። እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። በበሩ ላሜራና በውስጠኛው ልባስ መካከል ደግሞ አንድ ስስ ላስቲክ ተለጥፏል። ውሃውን ከናንተ የሚለየው እሱ ነው። የመስኮት ማንሻ ሲጠገን ወይም ስፒከር ሲገጠም ይህ ላስቲክ ይቀደዳል። ብዙ ሠራተኛ «ምን ያደርጋል» ብሎ ይጥለዋል። ከዚያ በሩ ግርጌ ያለው ምንጣፍ ይረጥባል፣ ባለቤቱም የበር ጎማ ይቀይራል። የልባሱ ታችኛ ጠርዝ ካበጠ ወይም የውሃ ምልክት ካለው ላስቲኩን ጠርጥሩ። በሩን ስትዘጉ ውስጡ ውሃ ሲንቀሳቀስ ከተሰማችሁ ደግሞ የግርጌው ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል፤ በእንጨት ስንጥር ክፈቱት።

የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ እስኮርታ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ከቆመ ተጠርጣሪዎቹ የኋላ መብራቶቹ ጋሼት፣ የኮፈኑ ጎማና የአንቴናው ስር ናቸው። ከኋላ ተገጭታ የተጠገነች መኪና ከሆነች የላሜራ መጋጠሚያዎቹንም ጨምሩ። ሠራተኞች አንዳንዴ የጉድጓዱን መውረጃ ክዳን ነቅለው «ይውረድ» ይላሉ። ይህን አልመክርም። ውሃው ይወጣል፤ በምትኩ አቧራና የጭስ ማውጫ ጭስ ይገባል። ጭሱ ለጤና አደገኛ ነው።

ጣሪያው ላይ ዕቃ መጫኛ የተገጠመላቸው ሚኒባሶችና ዊልድራይቮች ብሎኑ የተበሳበትን ቦታ ይዩ። የጣሪያው ልባስ ላይ ቡናማ ክብ ከታየ ምንጩ ከዚያ ሩቅ አይሆንም።

ጎማው፦ ይቀየር፣ ይስተካከል ወይስ ይታጠብ?

የወረቀት ፈተናው በሩን ጥፋተኛ ካደረገ ወዲያው ጎማ አትግዙ። መጀመሪያ በሩን ከፍታችሁ ወደ ላይ ሞክሩት። ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ማጠፊያው አልቋል፤ አዲስ ጎማ አያድነውም። ማጠፊያው ደህና ከሆነ በሩ የሚቆለፍበትን ምላስ መያዣ ተመልከቱ። በብሎን የታሰረ ነው። ብሎኖቹ ላላ ተደርገው በሚሊሜትር ወደ ውስጥ ሲገፋ በሩ ጎማውን ይጫነዋል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጎማውንም በሳሙና እጠቡት፤ ጭቃ የጋገረበት ጎማ አይገጥምም።

ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ተጨፍልቆ ከቀረ ምርጫው ሦስት ነው። ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ ከተፈታ መኪና የወጣ ኦሪጅናል፣ አዲስ ኮፒ፣ ወይም በሜትር የሚሸጠው። እኔ ያገለገለውን ኦሪጅናል እመርጣለሁ፤ ግን ሁኔታ አለው። ጣታችሁ ሲጫነው ተመልሶ ካበጠ ውሰዱት፤ ተጨፍልቆ ከቀረ አይረባም። ማዕዘኖቹ የተቀረጹ ስለሆኑ በበሩ ጥግ ላይ በልክ ይቀመጣል። በሜትር የሚሸጠው ቀጥታ መስመር ላይ ይሠራል፣ ጥግ ላይ ግን ይታጠፍና ክፍተት ይፈጥራል። ለኋላ ኮፈን ከሆነ ይበቃል። መጋጠሚያውን ሁልጊዜ ከታች በኩል አድርጉት።

ሲልኮን፣ ዩሬቴን፣ ቡቲል

ሲልኮን በየሱቁ ይገኛል፣ ርካሽ ነው፣ ይቀባል፣ ያበራል። ለመኪና ላሜራ ግን የመጨረሻ ምርጫዬ ነው። አቸቶ አቸቶ የሚሸተው ዓይነት ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ባዶ ብረት ካገኘ ያዝገዋል። ሌላው ችግር፣ አንዴ ሲልኮን የነካው ቦታ ላይ ቀለምም ሌላ ማጣበቂያም አይዝም። የኔ መስታወት ዙሪያ የተቀባውን ለማንሳት ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

የፊት መስታወት ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ዲኤክስና ቮልስ ባሉት የድሮ መኪኖች መስታወቱ በወፍራም ጎማ ተይዞ ነው የሚቀመጠው። እዚያ ላይ ጎማው ደርቆ ከሆነ መስታወቱ ወጥቶ ጎማው መቀየር አለበት። ጎማው ገና ለስላሳ ከሆነ በጎማውና በላሜራው መካከል የማይደርቅ የመስታወት ማስቲክ ማስገባት ለጥቂት ዓመታት ይሠራል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መኪኖች ግን መስታወታቸው ዩሬቴን በሚባል ጠንካራ ማጣበቂያ የተጣበቀ ነው። ይህን በራሳችሁ አትንኩ። ኤርባግ ባላቸው መኪኖች የጋቢናው ኤርባግ ሲፈነዳ የሚደገፈው መስታወቱን ነው። በሲልኮን የተያዘ መስታወት ያን ግፊት አይችልም። ለባለሙያ ስጡ፤ «በምን ነው የምታጣብቀው?» ብላችሁም ጠይቁ። ሲያወጣው ጠርዙ ላይ ዝገት ካገኘ ሳያጸዳና ፕራይመር ሳይቀባ እንዳይመልሰው ቆማችሁ እዩ። ካጣበቀው በኋላም ዩሬቴኑ እስኪይዝ ለስንት ሰዓት እንደማትነዱት ጠይቁት።

ቡቲል እንደ ማስቲካ የሚሳብ ጥቁር ገመድ ነው። አይደርቅም፣ ተነቅሎ ይመለሳል። ለበሩ ላስቲክ፣ ለኋላ መብራት፣ ለአንቴና ስርና ለጣሪያ ብሎን ከእርሱ የሚሻል የለም። የበሩ ላስቲክ ከጠፋ ወፍራም የግንባታ ፕላስቲክ በልኩ ቆርጣችሁ በቡቲል ለጥፉት። የላስቲኩን ታችኛ ጫፍ በበሩ ላሜራ ውስጥ አስገቡት፤ ውሃው ወደ በሩ ሆድ እንዲመለስ። ይህ ማንም ሰው ቤቱ ሊሠራው የሚችለው ሥራ ነው።

የላሜራ መጋጠሚያ ለተሰነጠቀበት የባትላሜራዎቹ ማሸጊያ ይሻላል። አሮጌውን ፍቃችሁ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ፣ አንቲረስት ከቀባችሁ በኋላ ነው የሚገባው፤ በላዩም ቀለም ይቀባል። ላሜራው በዝገት ከተበሳ ግን በስቱኮ መድፈን ዋጋ የለውም። ስቱኮ ውሃ ይመጥጣል፤ ዝገቱ ከስር ይቀጥላል፣ በሚቀጥለው ክረምት ይወድቃል። የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድ። በብየዳው ጊዜ ምንጣፉና ስፖንጁ ከአካባቢው መነሳታቸውንና የባትሪው ሽቦ መፈታቱን አረጋግጡ፤ በብልጭታ መኪና ይቃጠላል።

ከተደፈነ በኋላ፦ ማድረቅ

በሮቹን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ማቆም ብቻውን አይበቃም። የምንጣፉ ፊት ይደርቃል፤ ስሩ ያለው ስፖንጅ ግን ለሳምንታት ውሃ ይይዛል። ያ የሻጋታ ሽታ የሚመጣው ከዚያ ነው። ምንጣፉን ከነስፖንጁ ማውጣት ድካም ነው፤ ወንበር ይፈታል። ቢሆንም ውሃው ስፖንጁ ውስጥ ከገባ ሌላ መንገድ የለም። በአንዳንድ መኪኖች የሞተሩ ኮምፒውተር ወይም የሽቦ መጋጠሚያዎች ከጋቢናው ምንጣፍ ስር ናቸው፤ እነሱም መታየት አለባቸው። ወንበር ስር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባግ ነው። የባትሪውን ሽቦ ፈትታችሁ ጥቂት ደቂቃ ሳትቆዩ አትንቀሉት።

ነሐሴ ላይ ፀሐይ ከሌለ ምንጣፉን ቤት ውስጥ ስቀሉት፣ ወለሉን በጨርቅ አድርቁ፣ ውስጡ ጋዜጣ አንጥፉና በየቀኑ ቀይሩ። ጋዜጣው ሌላም ጥቅም አለው። ከሚቀጥለው ዝናብ በኋላ መጀመሪያ የረጠበችው ገጽ ሌላ ቀዳዳ ቀርቶ እንደሆነ ታሳያችኋለች። እኔ ሁለት ሳምንት አንጥፌ፣ ሦስት ከባድ ዝናብ አልፎባት፣ ጋዜጣው ደረቅ ሲሆን ነው ምንጣፉን የመለስኩት። አሁን ግንቦት በገባ ቁጥር ኮፈኑን ከፍቼ ያን ቦይ በእጄ አጸዳለሁ፤ አንድ ጆግ ውሃም አፍስሼ ከፊት ጎማው ጀርባ መሬት ላይ ሲወርድ እስካየው እጠብቃለሁ።